የገንዳ ማብሪያና የሮቶ ውሃ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምህንድስና ክፍሎች የቤት ውሃ ፓምፕን በራሱ እንዲሠራ ማድረግ የተለመደ የመመረቂያ ርዕስ ሆኗል። አካሄዱም የታወቀ ነው፤ አንድ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር፣ አንድ ሪሌይ፣ በመጨረሻም ውጤቱን በስልክ ላይ የሚያሳይ ገጽ። መግቢያው ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል፤ መደምደሚያው ሥርዓቱ በተሳካ ሁኔታ መሥራቱን ያበስራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከረው ከሁለቱም ጋር ነው። በመግቢያው የሚቀርበው ምክንያት ከሌላ አገር ቤት የተወሰደ ነው፤ በመደምደሚያው የሚበሠረው ስኬት ደግሞ መብራት በማይጠፋበትና ውሃ በባልዲ በሚሞላበት የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ነው።

ምክንያቱ የተወሰደበት ቤት

የቤት መቆጣጠሪያ ማብሪያዎች፣ ማለትም በሰዓት ወይም ከሩቅ በሚላክ ትእዛዝ የሚበሩና የሚጠፉ ሶኬቶችና ሪሌዮች፣ አዲስ ነገር አይደሉም። በስኮትላንድ ግሌንሮዝስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ በ1975 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ኤክስ10 የተሰኘው ሥርዓት በቤቱ የመብራት ሽቦ ላይ ምልክት እየላከ መብራትንም ሌላ ዕቃንም ያዝ ነበር። ዛሬ በዋይፋይ የሚታዘዙት ሶኬቶች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በአሜሪካ ባለ ግቢ ቤቶች ለእንዲህ ያለው ማብሪያ በጣም ከሚስማሙት ጭነቶች አንዱ በጓሮ የሚገኘው የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ነው።

ለምን እንደሚስማማ ማስተዋል ይገባል። የገንዳው ውሃ ሁልጊዜ በቦታው አለ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣ ሳይሆን ከገንዳው ስቦ በማጣሪያ አሳልፎ ወደ ገንዳው የሚመልስ ነው። ሥራው በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ማዞር ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢያጎድል ማንም አይጠማም፣ አንድ ሰዓት ቢያስረዝም የመብራት ሂሳቡ ትንሽ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለውን ጭነት ለማዘዝ የሚያስፈልገው ዕውቀት ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ ታይመር ይበቃል፤ በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ደግሞ ታይመሩን ለማስተካከል ወደ ጓሮ ከመውጣት ያድናል።

የኃይል ቁጠባው ወሬም እዚያ እውነት ነው። 1.1 ኪሎዋት የሚወስድ የገንዳ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም በወር ከ260 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያም ቢሆን ትልቁ ቁጠባ የተገኘው ከማብሪያው አይደለም። ፓምፕ በሚሽከረከርበት ፍጥነትና በሚወስደው ኃይል መካከል ያለው ግንኙነት የሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። በዚህ ስሌት ያንኑ ውሃ በግማሽ ፍጥነት ለ16 ሰዓት ማዞር የሚጠይቀው የቀድሞውን ሩብ፣ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በተግባር ሞተሩና ፍጥነት መቀየሪያው የሚያባክኑት ስላለ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን አሁንም ሰፊ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፈጸመው የገንዳ ፓምፕ ደረጃ ገበያውን ፍጥነታቸው ወደሚለዋወጥ ሞተሮች የገፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ፍጥነቱ አንድ ብቻ በሆነ ፓምፕ ላይ የተገጠመ ዘመናዊ ማብሪያ ሰዓቱን ከቀን ወደ ሌሊት ሊያዛውር ይችላል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ኃይል ግን አይቀንሰውም።

የእኛ ፓምፕ የሚበላው

አሁን ወደ አዲስ አበባ ቤት እንመለስ። ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳ ግድቦች ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለብዙው ሰፈር የሚደርሰው በፈረቃ ነው። ስለዚህ አቅም የፈቀደለት ቤተሰብ መሬት ላይ ወይም መሬት ውስጥ የሚያጠራቅምበት ታንከር ያበጃል፤ ከዚያ አነስተኛ ፓምፕ ጣሪያ ላይ ወደተቀመጠው ሮቶ ይገፋል፤ ከሮቶው ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት ይወርዳል።

የዚህን ፓምፕ ፍጆታ ማስላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቤተሰቡ በቀን 500 ሊትር ይጠቀማል፣ ፓምፑ በደቂቃ 20 ሊትር ይገፋል፣ ከመስመሩ ግማሽ ኪሎዋት ያህል ይወስዳል እንበል። ሥራው በ25 ደቂቃ ያልቃል፤ ፍጆታውም ከ0.21 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። በወር 6.3 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ ያህል ለመጨረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። በሌላ አነጋገር የአንድ ወር ፓምፕ ከአንድ ቀን እንጀራ ጋራ ይመጣጠናል። የእኛን ፓምፕ ኃይል በዘመናዊ ማብሪያ እንቆጥባለን ማለት፣ ቀን ከሌሊት ከዋይፋይ ጋር ተያይዞ የሚቆየው መቆጣጠሪያ ራሱ የሚበላውን እንኳ መርሳት ነው፤ ያለማቋረጥ 2 ዋት የሚወስድ ሰርኪዩት በወር 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፣ ከፓምፑ ፍጆታ ከአምስት አንድ እጅ በላይ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ፓምፑን በራሱ እንዲሠራ የማድረግ ምክንያት የለም ማለት ነውን? አለ፤ ግን ሌላ ነው። ፈረቃው ሌሊት ሲሆን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፓምፕ የሚያበራ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ለሳምንት የተጠራቀመ ውሃ በጣሪያው ቦይ ይሄዳል። ታንከሩ ደርቆ ፓምፑ በባዶው ሲሽከረከር፣ በውሃ መቀዝቀዝና መለስለስ የሚገባው ማሸጊያው ይቃጠላል፤ ቀጥሎ ውሃ ወደ ሞተሩ ይዘልቃል። ፓምፑ የተቃጠለበት ቤተሰብ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ እንኳ ከቤት ውስጥ ቧንቧ ጠብታ አያገኝም። ስለዚህ በእኛ ቤት የጉዳዩ ሚዛን ሰዓትም ኪሎዋትም አይደለም። ሚዛኑ ስህተት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ የገንዳው ማብሪያ ሲሳሳት ሂሳብ ይጨምራል፣ የእኛው ሲሳሳት ቤቱ ውሃ ያጣል። በዚህ ምክንያት አንድ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሲገመገም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሲበላሽ ምን ያደርጋል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሲሠራ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው።

ስለ ሰማያዊዋ ሪሌይ

በላቦራቶሪዎቻችን በእጅጉ የተለመደችው ትንሿ ሰማያዊ ሪሌይ በጀርባዋ 10 አምፔር፣ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ አላት። ተማሪው ይህን አንብቦ 0.75 ኪሎዋት ያለው ፓምፕ በ220 ቮልት የሚወስደው 5 ወይም 6 አምፔር ስለሆነ ይበቃል ብሎ ያስባል። የሚዘነጋው ነገር ጽሑፉ የሚናገረው እንደ አምፖልና እንደ ማሞቂያ ላለ ጭነት መሆኑ ነው። ኢንዳክሽን ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት በመደበኛው ጊዜ ከሚወስደው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይወስዳል፤ ለዚህ ፓምፕ ከ25 እስከ 40 አምፔር ማለት ነው። ሲጠፋም ሽቦው ውስጥ የታመቀው ኃይል በመገናኛዎቹ መካከል ብልጭታ ይፈጥራል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን፣ በምህፃረ ቃል የአይኢሲ፣ 60947-4-1 ደረጃ ኮንታክተሮችን በሚሸከሙት ጭነት ዓይነት የሚከፍላቸው፤ ኤሲ-1 ለማሞቂያ መሰል ጭነት ነው፣ ኤሲ-3 ለሞተር ነው። አንዱ ኮንታክተር በሁለቱ ምድቦች የሚጻፍለት አምፔር በጣም ይለያያል።

በአቅሟ ልክ ያልተሠራባት ሪሌይ ወዲያው አትሞትም። ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት ትሠራና አንድ ቀን መገናኛዎቿ ተበይደው ይቀራሉ። ይህ ብልሽት ከሌሎቹ የከፋ የሚሆነው አበላሽቶ የሚተወው በርቶ ስለሆነ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ «አጥፋ» ብሎ ያዛል፣ የስልኩ ገጽ «ጠፍቷል» ብሎ ያሳያል፣ ፓምፑ ግን ይሠራል። ኤክስ10 በመጀመሪያው መልኩ ትእዛዝ ይልክ ነበር እንጂ መልስ አይቀበልም ነበር፤ ትእዛዙ መድረሱን የሚያውቀው ወደ ጓሮ ሄዶ ያየ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥርት ዓመታት አልፈውም ብዙዎቹ የተማሪ ሥራዎች የሚያሳዩት የላኩትን ትእዛዝ እንጂ የፓምፑን እውነተኛ ሁኔታ አይደለም። በፓምፑ መስመር ላይ ርካሽ የከረንት መለኪያ ማሰር ይህን ክፍተት ይዘጋዋል፤ መለኪያው ከረንቱን ሲያይ ሪሌይዋ መበየዷን ብቻ ሳይሆን ፓምፑ በባዶው እየተሽከረከረ መሆኑንም ይጠቁማል፣ ውሃ የማይገፋ ፓምፕ ባብዛኛው የሚወስደው ከረንት ስለሚቀንስ።

የከፍታውን ጉዳይም ለማለፍ አልፈልግም፤ በመመረቂያ ሥራዎች ውስጥ ሲነሣ አይታይምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ ከፍታው የበለጠ ይጨምራል። የአይኢሲ የሞተር ደረጃ እንደ መደበኛ የሚቆጥረው ከፍታ እስከ 1,000 ሜትር ነው፤ የማብሪያና የኮንታክተር ደረጃው ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን ማቀዝቀዝም በመገናኛዎች መካከል ያለውን ብልጭታ ማጥፋትም ያዳግተዋል፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእኛ ቤት ሙሉ በሙሉ አይሠራም ማለት ነው። የመሳብ አቅምም እንዲሁ ይጎዳል። በባሕር ወለል ላይ ፓምፕ በሐሳብ ደረጃ ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ድረስ መሳብ ይችላል፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ ገደቡ 7.7 ሜትር ይሆናል። ከመሬት በታች ካለ ታንከር የሚስብ፣ ረጅም ቧንቧና ብዙ ክርን ያለው ፓምፕ ከዚህ ላይ ሌላም ያጣል። «ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውሃ አያመጣም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ አንዳንዴ መነሻው ይኸው ነው፤ ምንም ያህል ብልህ ማብሪያ ቢገጠም አይፈውሰውም።

የቮልቴጅ መውረድ ሌላው ነው። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል፤ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይቀንሳል። ለመነሣት ያቃተው ሞተር እያጓራ ቆሞ የመነሻውን ከረንት መሳቡን ይቀጥላል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል። በላቦራቶሪ ይህን መፈተን ቀላል ነው፤ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ትራንስፎርመር በየክፍሉ አለ።

መብራት ሲመለስ

መብራት በጠፋ ጊዜ የመቆጣጠሪያው ሁኔታ ምን ይሆናል? ከሁሉ ይበልጥ ይህን ጥያቄ መመለስ ያለበት መብራት በሚጠፋበት አገር የሚሠራ ተመራማሪ ነው። በገበያ ላይ ያሉ ብዙዎቹ ዘመናዊ ሶኬቶች መብራት ሲመለስ እንዲበሩ፣ እንዲጠፉ ወይም ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ የሚመረጥ ቅንብር አላቸው። ብዙው ገዢ ቅንብሩን ከፍቶ አያየውም። ፓምፑ እየሠራ መብራት ቢጠፋና ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢመለስ፣ «ወደ ነበርክበት ተመለስ» የተባለው ሶኬት ታንከሩ ቢደርቅም ባይደርቅም ፓምፑን ያስነሣል። ዋይፋዩ ግን ገና አልተመለሰም፤ ቢመለስም ስልኩ የሚያነጋግረው ሰርቨር ያለው ከአገር ውጭ ነው። ለተወሰኑ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለቀናት፣ ፓምፑ ያለ አዛዥ ይሠራል።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳቤ ብዙ አንባቢዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። የፓምፑ መሠረታዊ ጥበቃ ምንም ሶፍትዌር ሊኖረው አይገባም። በታችኛው ታንከር ውሃ ሲያንስ የሚቆርጥ አንድ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ በላይኛው ሮቶ ሲሞላ የሚቆርጥ ሌላ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ሁለቱም በተርታ ታስረው የሚያዙት በሞተር ልክ የተመረጠ ኮንታክተር፣ ከሥሩ የሙቀት ኦቨርሎድ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ታይመር፣ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ከረንት ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ። ይህን የሚገጥም የኤሌክትሪክ ባለሙያ በየሰፈሩ ይገኛል፤ ሲበላሽም የሚጠግነው አይጠፋም። ለመመረቂያ ጽሑፍ አዲስነት የለውም ይባል ይሆናል። አዎ፣ የለውም። ዘመናዊው ማብሪያ መግባት ያለበት ግን ከዚህ ሰንሰለት በላይ ነው፤ ተንሳፋፊዎቹ ከፈቀዱት ውጭ ማብራት እንዳይችል፣ ማጥፋት ግን ሁልጊዜ እንዲችል ሆኖ። በዚህ አሠራር የማይክሮኮንትሮለሩ ስህተት የሚያስከትለው ከፍተኛ ጉዳት ፓምፑ በሚገባው ሰዓት አለመነሣቱ ነው፤ ቤተሰቡም በእጅ ማብሪያው ያስነሣዋል።

ስለ ሴንሰሮች አንድ ነገር ልጨምር። በውሃው ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ነክሮ በቀጥታ ከረንት ደረጃውን ማንበብ በብዙ ሥራዎች ይታያል። ሽቦዎቹ ይበላሉ፤ የተበላው መዳብም የሚሄደው ወደሚጠጣው ውሃ ነው። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ሴንሰር ከዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ቀን የሚሞቅና ሌሊት የሚቀዘቅዝ ዝግ ሮቶ ክዳኑ ሥር ጤዛ ይቋጥራልና ጠረጴዛ ላይ የታየው ትክክለኛነት ጣሪያ ላይ አይደገምም። ተንሳፋፊው ኳስ ሚሊሜትር አያነብም። ማንበብም አይጠበቅበትም።

ከውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን በስልክ የሚያዙ ወገኖች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ለእነርሱ ከሩቅ ማየት መቻል ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከሩቅ ማስነሣት የሰው ሕይወትን የሚመለከት ጥያቄ ያመጣል። የመሬት ውስጥ ታንከር በየጊዜው ይታጠባል፤ የሚያጥበው ሰው ውስጡ ይገባል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም እጁ የፓምፑን ብረት ይዟል። በዚያች ሰዓት በሌላ ክፍለ ዓለም ያለ ጣት ፓምፑን ማስነሣት መቻል የለበትም። ከስልክ ሊታለፍ የማይችል፣ በቦታው ያለ፣ የሚቆለፍ ማቋረጫ የሌለው ሥርዓት፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ፣ ሰው በሚኖርበት ቤት እንዲገጠም መፍቀድ አይገባም።

ከአንድ ቤት ወደ ሰፈር

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አንድ ቤት ነው። ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ማብሪያው ሲበዛ ነው። አንዳንድ ቤቶች ከታንከር ሳይሆን በቀጥታ ከዋናው መስመር ይስባሉ። ይህ በእጅ ሲሠራም ጎጂ ነው፤ የመስመሩ ግፊት ሲወርድ በመጨረሻው ጫፍ ወይም በከፍታ ላይ ያለው ጎረቤት ባዶ ይቀራል፣ በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ከውጭው ሲያንስ ደግሞ በስንጥቁ በኩል የአፈርና የፍሳሽ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው ይሳባል። አሁን በዚህ ላይ ውሃ መምጣቱን ዐውቆ ፓምፑን ወዲያው የሚያስነሣ ሴንሰር እንጨምር። የሰው ልጅ ስንፍና እስካሁን ሳይታወቀው ለጎረቤት ይጠቅም ነበር፤ አንዱ በአሥር ሰዓት ይነሣል፣ ሌላው ይተኛል፣ ሦስተኛው ይረሳል። ሴንሰሩ አይተኛም። በአንድ መስመር ያሉ ቤቶች ሁሉ ሴንሰር ቢኖራቸው ፈረቃው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ መሳብ ይጀምራሉ፤ ፓምፕ መግዛት ያልቻለው ቤት የሚደርሰው አየር ብቻ ይሆናል። «ውሃ መምጣቱን ዐውቆ በራሱ የሚስብ» የሚል ርዕስ ያለው ሥራ ለአንድ ቤት ምቾት ነው፤ ለሰፈሩ ግን ዝርፊያን ማፋጠን ሊሆን ይችላል። አማካሪ መምህር ይህን በርዕስ ማጽደቂያው ላይ መጠየቅ አለበት፤ ፓምፑ ከየት ነው የሚስበው?

መብራት ሲመለስም ተመሳሳይ ነገር አለ። ማቀዝቀዣውም ምጣዱም ፓምፑም በአንድ ቅጽበት ሲነሡ መስመሩ የሚሸከመው ከተለመደው በላይ ነው፤ የወረደው ቮልቴጅ ሞተሮቹን መልሶ ይጎዳል። በየመቆጣጠሪያው ከሁለት እስከ አሥር ደቂቃ የሚደርስ በዕጣ የሚወሰን መዘግየት ማስገባት ሁለት መስመር ኮድ ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ከታይመሩ ይበልጣል፤ የቋሚ ታይመር መዘግየት ለሁሉም እኩል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስነሣቸዋልና።

ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያቀርቡ ባልደረቦች የሚሉት አላቸው። ተማሪው የሚሠራው ለትምህርት ነው፣ ለገበያ አይደለም፤ ሪሌይዋ ብትበየድም ዕውቀቱ አይበየድም ይላሉ። ለአንደኛ ዲግሪ ሥራ ይህን ክርክር በከፊል እቀበለዋለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን አይሠራም፤ «ሥርዓቱ ተፈትኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚጻፍበት ጽሑፍ የፈተናውን ዓይነት መናገር ይገባዋል። እየሠራ ሳለ መብራቱን ቆርጦ መመለስ፣ ቮልቴጁን ወደ 180 ማውረድ፣ የመሳቢያውን ቧንቧ መዝጋት፣ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ የሪሌይዋን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኝቶ የተበየደች ማስመሰልና ሌላ ነገር ፓምፑን ያቆመው እንደሆነ ማየት፤ እነዚህ አምስቱ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስዱም። ውጤታቸው በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ከስልክ ገጽ ፎቶ ይልቅ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ይጠቅማል። ያልተሳካውም ረድፍ ጭምር።

የገንዳ ፓምፕ በእኛም አገር አለ፤ ገንዳ ባላቸው ሆቴሎችና በጥቂት ግቢዎች። በእነርሱ ላይ ታይመርና ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ሞተር የሚያስገኘውን ቁጠባ መለካት የሚፈልግ ተማሪ ካለ ርዕሱ ጥሩ ነው፤ የኃይል መግቢያውም እዚያ ቦታውን ያገኛል።

ለቤት ውሃ ግን ዘመናዊው ማብሪያ የሚያስመሰግነው ሥራ ከማዘዝ ይልቅ መመዝገብ ይመስለኛል። ፈረቃው በወረቀት ላይ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው በእውነት ስንት ሰዓት ላይ እንደገባ፣ በምን ግፊት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ደግሞ ሌላ። ይህን የሚያውቀው ሌሊት የሚነሣው ሰው ነው፤ እርሱም አይመዘግበውም። በአንድ የፈረቃ መስመር ላይ በከፍታ የሚለያዩ ሃያ ቤቶች ተመርጠው፣ በየቧንቧቸው መግቢያ የግፊት መለኪያ ታስሮ፣ ሰዓት የሚይዝና መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆይ መዝጋቢ ቢገጠምላቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚገኘው መረጃ ከታችኛውና ከላይኛው ቤት ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው ያሳያል። የባለቤቶቹ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የውሃ አጠቃቀም መዝገብ ቤቱ ሰው ያለበት መቼ እንደሆነም ይናገራልና የየቤቱ ቁጥር ከመስመሩ ድምር ተለይቶ መታተም የለበትም። የዕቃው ዝርዝር አጭር ነው፦ የግፊት መለኪያ፣ ማይክሮኮንትሮለር፣ የሰዓት ቺፕ፣ የማስታወሻ ካርድ፣ ባትሪ። ሪሌይ አያስፈልገውም።